ቪኤ ለሳንባ ሕመሜ «አይገባዎትም» አለኝ፤ እንደ አዲስ ላመልክት?

ጥያቄው፦

«አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 52 ነው። በዲቪ አሜሪካ ሄጄ በአገሪቱ ጦር ውስጥ 6 ዓመት አገልግያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ኢራቅ፣ ባላድ የጦር ሰፈር ነበርኩ። ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ከምንተኛበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቀቀኝም። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ሲኦፒዲ፣ ማለት የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ ነው ብለውኛል። አንዱ ደግሞ አስምም አለብህ አለኝ። ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት፣ ለቪኤ፣ አመልክቼ ከለከሉኝ። ደብዳቤው የደረሰው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው የአክስቴ ልጅ አድራሻ ነው፤ ከተጻፈ 9 ወር ሆኖታል። የምርመራ ቀጠሮም ነበር አሉ፣ እኔ አልሰማሁም። የከለከሉኝ ሲጋራ አጨስ ስለነበር ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ‹አሜሪካ ስለማትኖር ነው፤ እንደ አዲስ እናመልክትና ከሚገኘው 40 በመቶ ትሰጠኛለህ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እንደ አዲስ አያመልክቱ። የ40 በመቶውን ውልም አይፈርሙ። በእጅዎ የቀረው 3 ወር ገደማ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ይበቃል፤ ግን የሚባክን ሳምንት የለም።

መጀመሪያ ደብዳቤውን እናንብበው። የላኩልኝን ፎቶ ሁለቴ አየሁት። ሲጋራ የሚለው ቃል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ከድሮ የሕክምና ካርድ ላይ በተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። የከለከሉበት ምክንያት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ የሳንባ ሕመም እንዳለብዎ የሚያሳይ ምርመራ አላገኘንም፣ ቀጠሮ ተይዞም አልቀረቡም ነው የሚለው። ሕመሙ ከሲጋራ የመጣ ነው አላሉም። መታመምዎን የሚያሳይ ወረቀት የለንም ነው ያሉት። ሁለቱ ምክንያቶች የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

እዚያው ገጽ ታች ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ንዑስ ርእስ አለ። ለአመልካቹ የሚጠቅሙና የተረጋገጡ ነጥቦች ይዘረዘሩበታል። የእርስዎ ላይ ኢራቅ ማገልገልዎና ለመርዛማ ጭስ መጋለጥዎ ተረጋግጧል ተብሎ ሰፍሯል። አሁን የሚሠራበት የይግባኝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ነው የጀመረው። በዚህ ሥርዓት እዚያ ንዑስ ርእስ ሥር የሰፈረ ነጥብ፣ ግልጽ ስሕተት ወይም የሚያፈርሰው ማስረጃ ካልተገኘ በቀር፣ ቀጥሎ ፋይሉን የሚያየውን ሰው ያስረዋል። ስለዚህ ጭሱን ለማስረዳት አይድከሙ። እሱን አሸንፈዋል።

ቀጥሎ ሕጉ። ፓክት አክት የሚባለው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው ወታደሩ ራሱ «ይሄ ሕመም የመጣው ከዚያ ጭስ ነው» ብሎ በሐኪም ማስመስከር ነበረበት። ብዙዎች እዚያ ላይ ነበር የሚወድቁት። አሁን በተዘረዘሩት አገሮች ያገለገለና ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ያለበት ሰው ግንኙነቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ የሕግ ግምት ይወሰድለታል። ሲኦፒዲ፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ፣ ኤምፊዚማ፣ ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ የሳንባ ጠባሳና ሳርኮይዶሲስ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከአገሮቹ ኢራቅ አለች፣ ኩዌትና ሳዑዲ አሉ። ከጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ጅቡቲም አሉበት። ጅቡቲ ሠፍረው የነበሩ ወገኖች ይሄን ልብ ይበሉ። የጅቡቲው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ላለው አገልግሎት ነው።

ሲጋራውስ? ለ10 ዓመት በቀን ግማሽ ፓኬት አጭሰው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳቆሙ ነግረውኛል። በሐኪም ቋንቋ ይሄ 5 የፓኬት ዓመት ይባላል፤ ብዙ የሚባል አይደለም። ቪኤ በጭስ መጋለጥ ምክንያት የመጣን ሕመም የሚክሰው አጫሽ ላልነበረ ሰው ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። የተከለከለው፣ «ውትድርና ሲጋራ አስለመደኝ፣ ሲጋራው ደግሞ ሳንባዬን ጎዳው» ብሎ መጠየቅ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. ከጁን 1998 በኋላ በቀረቡ ማመልከቻዎች በሕግ ተዘግቷል። እርስዎ እንደዚያ አላሉም፤ እንዳይሉም። መርማሪው የሕጉን ግምት ማፍረስ ቢፈልግ ተጨባጭ ተቃራኒ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሲጋራውን ግን አይደብቁ። ካርድዎ ላይ አለ። የደበቁት ቀን ስለ ጭሱ የተናገሩትም ይጠረጠራል።

አሁን መንገዶቹ። ውሳኔውን ለመቃወም ሦስት በሮች አሉ። አንዱ ከፍ ያለ ባለሙያ ያንኑ ፋይል እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ነው። ችግሩ፣ በዚያ በር አንዲት አዲስ ወረቀት አይገባም። የእርስዎ ፋይል ደግሞ የጎደለው ወረቀት ነው። ባዶ ድስት ለሌላ ሰው ቢያቀብሉት ያው ባዶ ነው። ሁለተኛው ዋሽንግተን ያለው የይግባኝ ቦርድ ነው፤ ዳኛ ያየዋል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ከዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ሰፕለመንታል ክሌይም የሚባለው ነው። አዲስና ለጉዳዩ የሚጠቅም ማስረጃ አያይዘው በቅጽ 20-0995 ያስገባሉ። የእርስዎ በር ይሄ ነው። አዲስ ማመልከቻ ቢያስገቡማ አንዴ የተወሰነበት ጉዳይ ስለሆነ «የተሳሳተ ቅጽ ነው» ብለው ይመልሱልዎታል። ያቺ ወረቀት ስትመላለስ ነው ዓመቱ የሚያልቀው።

ዓመቱ ለምን ያስፈራል? ሰፕለመንታል ክሌይም ከዓመት በኋላም ይቻላል። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ባለው 1 ዓመት ውስጥ ካስገቡት ግን፣ ሲፈቀድልዎ ክፍያው መጀመሪያ ካመለከቱበት ጊዜ ጀምሮ ይታሰባል። ካለፈዎ የሚታሰበው አዲሱን ካስገቡበት ቀን ነው። ያመለከቱት ከዛሬ 14 ወር በፊት ነው። ቪኤ የሚከፍለው የጉዳቱን መጠን በመቶኛ አውጥቶ ነው፤ አወጣጡን ከታች እናየዋለን። እንበል 60 በመቶ ቢወጣልዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ተመን ቤተሰብ ለሌለው ሰው በወር 1,395.93 ዶላር ነው። 14 ወር ሲሆን ከ19,000 ዶላር በላይ ነው። ባለቤትዎ ሲጨመሩ ደግሞ ከፍ ይላል። ልብ ይበሉ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ነው። የአክስትዎ ልጅ ፖስታውን ከከፈቱበት ቀን አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ወረቀቱ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ላይ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ነገር ደንበኛ የስፓይሮሜትሪ ምርመራ ነው፤ ማሽን ላይ በኃይል ነፍተው ትንፋሽዎ የሚለካበት ማለት ነው። በማዳመጫ ሰምቶ «ሲኦፒዲ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። መጀመሪያ ይነፋሉ። ቀጥሎ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት፣ ቬንቶሊን፣ ይሰጥዎታል። 15 ደቂቃ ያህል ይቆዩና እንደገና ይነፋሉ። ሲኦፒዲ የሚባለው መድኃኒቱን ወስደውም በመጀመሪያው 1 ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከጠቅላላው ትንፋሽ ከ70 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ቪኤም በአብዛኛው የሚመለከተው ከመድኃኒት በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው ከበፊቱ የባሰ ከሆነ ግን የበፊቱን ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ሪፖርቱ ላይ ይኑሩ። ጉንፋን ይዞዎት አይሂዱ። ጠግበው በልተውም አይሂዱ፤ ክትፎው ከምርመራው በኋላ ይደርሳል። ሆን ብለው ደከም አድርገው እንዳይነፉ ደግሞ አደራ። ማሽኑ ቢያንስ ሦስት ጥሩ ትንፋሽ ይፈልጋል። የተቀራረቡ ካልሆኑ ሥዕሉ ራሱ ያጋልጣል።

ለሲኦፒዲ የጉዳቱ መጠን የሚወጣው ከዚሁ ሪፖርት ነው። በመጀመሪያው 1 ሴኮንድ የሚወጣው አየር፣ በዕድሜዎ፣ በቁመትዎና በጾታዎ ከሚጠበቀው ከ71 እስከ 80 በመቶ ከሆነ 10 በመቶ ጉዳት ይባላል። ከ56 እስከ 70 ከሆነ 30 ነው። ከ40 እስከ 55 ከሆነ 60 ነው። ከ40 በታች ወይም ሐኪም አዞለት ቤቱ ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው 100 ነው።

አሁን «ከሚጠበቀው» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ። ብዙ ማሽኖች ስም ሲያስገቡ ዘር ይጠይቃሉ። ባለሙያው «ጥቁር» ብሎ ሲጫን ማሽኑ የሚጠብቅብዎትን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። እንበል 1.7 ሊትር ነፉ። ዘርን በማይለየው ስሌት የሚጠበቅብዎት 3.2 ሊትር ቢሆን 53 በመቶ ነዎት፤ ጉዳትዎ 60 ነው። በዘር በተስተካከለው የሚጠበቀው 2.95 ቢሆን 58 በመቶ ይሆናሉ፤ ጉዳትዎ ወደ 30 ይወርዳል። 60 በወር 1,395.93 ዶላር ነበር፤ 30 ግን 537.42 ነው። ሳንባው ያው ነው፣ ትንፋሹም ያው ነው፤ የተለየው አንድ ቁልፍ ነው። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን የማይለየው ስሌት እንዲሠራበት መክሯል። ከመንፋትዎ በፊት «የትኛውን ስሌት ነው የምትጠቀሙት?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። ሪፖርቱ ላይም ይጻፍልዎ።

ሌላው የከተማችን ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ለጤነኛውም ሰው ባሕር ጠረፍ ካለው ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው። እሱን ብቻ ይዘው «ኦክስጅኔ ወርዷል» ብለው አይላኩ። ጋዝ ከሳንባ ወደ ደም እንዴት እንደሚያልፍ የሚለካው ምርመራ ከታዘዘልዎም ውጤቱ ለከፍታው መስተካከሉ ይጻፍ። ሳይስተካከል ከቀረ ሳንባዎን ከሆነው በላይ ጤነኛ ያስመስለዋል።

ሁለተኛው ወረቀት የሐኪም ደብዳቤ ነው፤ ከሳንባ ስፔሻሊስት ቢሆን ይመረጣል። ጥቁር አንበሳ የሳንባ ስፔሻሊስት የሚያሠለጥን ሆስፒታል ስለሆነ ባለሙያው እዚሁ መሀል ከተማ አለ። ከቪኤ ድረ ገጽ የመተንፈሻ አካላት ሕመም መጠይቁን በነፃ አውርደው ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሲሞላው ቪኤ የሚፈልገውን በሚፈልገው ቅደም ተከተል ያገኛል። ለውሳኔ የሚበቃ የግል ሐኪም ሪፖርት ካለ ቪኤ ሌላ ምርመራ ሳያዝዝ ሊወስን ይችላል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

የሕግ ግምት ካለ ደብዳቤው ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ሲጋራው ስላለ ነው። ልጅ ሳሉ ቲቢ ይዞዎት እንደነበርም ጽፈውልኛል። ቲቢ የታከመ ሳንባ ላይ ጠባሳ ሊተው እንደሚችል እያንዳንዱ ሐኪም ያውቃል። የአሜሪካው መርማሪም ያውቃል። የማገዶ ጭስ ውስጥ ማደግዎንም ሊያነሣ ይችላል። እሱ ከማንሣቱ በፊት የእርስዎ ሐኪም አንሥቶ ይመልስ። የቃላት አመራረጥ ላይ ግን ሐኪሞቻችን ጨዋ ናቸው፤ «ሊሆን ይችላል» ብለው ይጽፋሉ። ቪኤ ዘንድ «ሊሆን ይችላል» ባዶ ግምት ነው፣ አይቆጠርም። «በእርግጠኝነት» ማለትም አይጠበቅባቸውም። የሚፈለገው፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ነው የሚል አባባልና ምክንያቱ ነው። ሚዛኑ እኩል ከሆነ ሕጉ ለወታደሩ ያደላል። ሐኪሙ ይሄን አምኖበት ከሆነ ይጻፈው፤ ካላመነ አያስገድዱት።

ቀኑን አደራ። አንድ የማውቀው ሰው ከአንድ የግል ሆስፒታል ያመጣው ወረቀት 12/03/2016 ይላል። ለእኛ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.። አሜሪካ ያለው መርማሪ ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ብሎ አነበበው። በእነሱ አቆጣጠር ወረቀቱ የተጻፈው ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነበር። የ7 ዓመት አሮጌ ማስረጃ ነው ተብሎ ተጣለ። ያንን ለማስተካከል ወራት ፈጀብን። እርስዎ ወረቀቱ ላይ ወሩ በፊደል፣ ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲጻፍ ያድርጉ። ስምዎም በፓስፖርትዎና በሠራዊት መልቀቂያዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ እንደ ሰማችው ነው የምትጽፈው፤ አንዱ ወረቀት ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ሲሆን ለእነሱ ሁለት ሰው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካለ አስተርጉመው ከዋናው ጋር አብረው ይላኩ።

ሦስተኛው ወረቀት ገንዘብ አያስወጣም። ባለቤትዎ የሚያዩትን ይጻፉ፤ ለዚህ ቅጽ 21-10210 አለ። «በጣም ይታመማል» አይበሉ። ደረጃ ሲወጡ ስንት ቦታ እንደሚቆሙ፣ ሌሊት ስንቴ ተነሥተው እንደሚቀመጡ፣ ከቅዳሴ መልስ ዳገቱን በእግር መውጣት መቼ እንዳቆሙ ይጻፉ። አብሮዎት ባላድ የነበረ ጓደኛ ካለ እሱም ያኔ ሲስሉ ያየዎትን ይጻፍ።

አስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ለሲኦፒዲ አንድ፣ ለአስም አንድ፣ ለብሮንካይትስ አንድ እያለ ሦስት ክፍያ ይጠብቃል። አይሆንም። እነዚህ ሁሉ የሳንባ ሕመሞች ስለሆኑ ባንድ ላይ ታይተው አንድ መጠን ነው የሚሰጣቸው፤ በዋናው ሕመም። የአፍንጫና የሳይነስ ሕመም ግን ለብቻው ይታያል። እሱ ካለብዎት ዝም ብለው አይለፉት። ለብቻው ያመልክቱ።

ስለ ጉዳይ አስፈጻሚው አጭር ነው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማንም ሰው ገንዘብ ማስከፈል አይችልም፤ በሕግ የተከለከለ ነው። ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው ጠበቆችና ወኪሎች ማስከፈል ይችላሉ። ውዝፍ ክፍያው ላይ እስከ 20 በመቶ ከሆነ አግባብ ነው ተብሎ ይገመታል። ከሲሶው፣ ማለት ከ33.3 በመቶ፣ ካለፈ አግባብ አይደለም ተብሎ ይገመታል። 40 የሚል ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እርስዎ አያውቁም ብሎ ነው።  ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሊጅን የሚባሉት የወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይወክሉዎታል፤ ውክልናው በቅጽ 21-22 ነው የሚሰጠው።

አሜሪካ አለመኖርዎ ካሳውን አይቆርጠውም፤ አዲስ አበባ ላለ ሰውም ያው መጠን ነው የሚከፈለው። እንዲያውም ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ ነው ከተባለ በኋላ የውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራማቸው፣ ኤፍኤምፒ የሚባለው፣ እዚህ ለዚያ ሕመም የሚያወጡትን የሕክምናና የመድኃኒት ወጪ ይተካል። ደረሰኝ ከአሁኑ መያዝ ይልመዱ። ከዚያ ጋር ላልተያያዘ ሕመም ግን ፕሮግራሙ በአብዛኛው አይከፍልም።

ያመለጠው ቀጠሮ በራሱ ጉዳዩን አይገድለውም። ጥሪው ወደ አሌክሳንድሪያ እንደሄደና እርስዎ እዚህ እንደነበሩ በአንድ ገጽ ያስረዱ። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን የቦሌ መግቢያ ማኅተም ኮፒ አያይዙ። ሁለተኛ ቢያመልጥዎት ግን ምክንያትዎን ማሳመን ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ማታውኑ ቪኤ ገጽ ላይ ገብተው አድራሻዎንና ስልክዎን ይቀይሩ። የ251 ቁጥርዎን ያስገቡ። የማያውቁት የውጭ ቁጥር ሲደውል አያጥፉት፤ የምርመራ ቀጠሮ የሚይዙት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ሳምንት ስፓይሮሜትሪውን ያስይዙ። ወረቀቶቹ እንደተሟሉ ከቅጽ 20-0995 ጋር በኢንተርኔት ይጫኑና የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ያትሙት። የሐኪሙ ደብዳቤ ቢዘገይም ቅጹን በያዙት ማስረጃ 11ኛው ወር ሳያልቅ ያስገቡት። ደብዳቤው እስከ ውሳኔው ድረስ ተከትሎ ሊገባ ይችላል፤ ቅጹ ግን ከዓመቱ ካለፈ ያ የ14 ወሩ ገንዘብ አይመለስም።